አንገቴን በኳስ ያስያዝኩበት ክረምት

ኦክቶበር 25፣ ሰኞ

ወንድሜ ኤርለንድ ቡትሱን ሳያወልቅ ሱቄ ገባ። ከነእበቱ፣ ከነጭቃው፣ የሙሽራ ዳንቴል ከዘረጋሁበት ጠረጴዛ ፊት ተገትሮ፣ "ሬታ፣ ተገላገልሽ!" አለኝ።

"ከማን? ከባሌ?"

"አትቀልጂ። ከሱ!" ብሎ ወደ እግሮቼ ጠቆመ።

እግሮቼ ውስጥ ደባል አለኝ። ሐኪሞች ኤም ኤስ ይሉታል፤ የነርቭን ልባስ እንደ አይጥ እየቆረጠመ የሚኖር በሽታ ነው። ኪራይ አይከፍልም፣ ሲገባም አላንኳኳም፣ ደስ ባለው ቀን አንድ እግሬን ታቅፎ ይተኛል። በእኛ በኦርክኒ ደሴቶች ይህ ደባል ያልጎበኘው ዘመድ ማግኘት ጭንቅ ነው።

ኤርለንድ በቴሌቪዥን እንዳየው ከሆነ አንድ የጣሊያን ሐኪም ምሥጢሩን ደርሶበታል። ነገሩ የነርቭ ሳይሆን የቧንቧ ነው። የአንገት ደም ሥር ይጠብባል፣ ደም ከጭንቅላት መውረጃ ያጣል፣ እዚያው ተኝቶ አንጎልን ያበላሻል። መድኃኒቱ ትንሽ ፊኛ በደም ሥሩ አስገብቶ መንፋት ነው።

"እንደ በረት ቦይ ቁጠሪው፤" አለ ኤርለንድ፣ ዕድሜውን በሙሉ ከብት ያረባ ሰው፣ "ሲደፈን ትጠርጊዋለሽ፣ አለቀ!"

አንጎሌ በረት ሆኖ መገኘቱ ቅር ሊያሰኘኝ ይገባ ነበር። ልቤ ግን ዘለለች። መስክ እንዳየች ጥጃ ዘለለች። አፌ ያለው "እበትህን ጥረግ" ብቻ ነው።

ኦክቶበር 30

ጆይስ ጨፈረች! ጆይስ! የትምህርት ቤት ጓደኛዬ፣ የደባሌን ታናሽ ወንድም በእግሮቿ ያሳደረች! ባለፈው በጋ ከተማው ሾርባ ሸጦ ባገኘው ገንዘብ ፖላንድ ልኳት ነበር፤ አንገቷ ተነፍቶላት መጣች። ዛሬ በመከሩ ግብዣ ላይ በሁለት እግሯ ተነሥታ ከዳቦ ጋጋሪው ጋር አዳራሹን ዞረች። ኤርለንድ አለቀሰ፣ የከብት ነጋዴው አለቀሰ፣ አኮርዲዮን የሚጫወተው ሰውዬ እያለቀሰ ዜማውን ሳተ። እኔ ወንበሬ ላይ ሆኜ እስኪያመኝ አጨበጨብኩ።

ከተቀመጠች በኋላ እስከ መጨረሻው አልተነሣችም። ጫማዋ አዲስ ነበር።

ኖቬምበር 2

ባሌ ሌስሊ በዓመት ሁለቴ የሚናገር ሰው ነው። ትናንት የሁለት ዓመቱን ባንድ ምሽት ጨረሰ። የሸርጣን ወጥመዱን ጥገና ትቶ፣ ከአንድ የእንግሊዝ መርከብ መካኒክ ያገኘውን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ ደም ሥር የሚባለውን ሁሉ ረገመ።

"ተህዋስ ነው። ሴሉ ውስጥ ገብቶ የሚደበቅ። አንቲባዮቲክ ትወስጂያለሽ፣ አንድ ዓመት ሙሉ፣ እየተፈራረቀ። ቀስ ብሎ ይወጣል።"

"አንገቴስ?"

"አንገትሽ ምንም አልሆነም። ጉድጓዱ የገባ ሸርጣን በጉልበት አይወጣም፣ ሬታ። በትዕግሥት ነው።"

ዛሬ ጠዋት ይህን ለሚና ነገርኳት። ሚና ከእኔ ጋር ሱቁን የምታሠራ፣ ከእኔ ይልቅ ሱቁ የሚያውቃት ሴት ናት። "ገበሬው ቦይ ነው አለ፣ ዓሣ አጥማጁ ወጥመድ ነው አለ፤" አለችኝ መቀሷን ሳታስቀምጥ። "ጫማ ሰፊ አግብተሽ ቢሆን ኖሮ ሶልሽ ነው ይልሽ ነበር።"

ሳቅኩ። ማታ ግን ወረቀቱን ደግሜ አነበብኩት። ያሳምናል። የኤርለንድም ያሳምናል። በአንድ ሳምንት ሁለቴ የዳነ ሰው እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም።

ኖቬምበር 8

የፈራሁት ደረሰ። የፈራሁት? የጓጓሁለት ልበል፤ ለውሸት ሌላ ቀን አለ።

የከተማችን የከርክዎል ሰው ስም ከማግኘቱ በፊት ወገን ያገኛል። ከካቴድራሉ በላይ የተወለደ የላይ ሰው ነው፣ በታች የተወለደ የታች፤ ከውጭ የመጣ ደግሞ መጀመሪያ በረገጠው በኩል ይቆጠራል። በገና ቀንና በአዲስ ዓመት አንዲት የቆዳ ኳስ ከካቴድራሉ ፊት ትወረወራለች። ላዮች ከከተማው ጫፍ ያለውን ቅጥር ሊያስነኳት፣ ታቾች ወደቡ ውስጥ ሊነክሯት፣ ሁለት መቶ ወንድ በአንዲት ጠባብ ጎዳና ይተፋፈጋል። ዳኛ የለም፣ ሕግ የለም፤ ማምሻውን ዕርቅና ቢራ አለ። ወገን እስከ መቃብር አይቀየርም።

ኤርለንድ ላይ ነው። ስለዚህ ደም ሥር የላይ ሆነ። ሌስሊ ታች ነው። ስለዚህ አንቲባዮቲክ የታች ሆነ። እስከ ትናንት ደም ሥርን ከጅማት የማይለየው ዳቦ ጋጋሪ ዛሬ ዳቦ ሲያስረክበኝ አንገቱን እየዳሰሰ "መስመሩ ይከፈት እንጂ!" አለኝ። የወደቡ ሰው ሁሉ ደግሞ ስለ ተህዋስ ያወራል፤ የሚኖርበትን ያውቀዋል፣ ምን እንደሚወድ ያውቀዋል፣ ለእራት ብቻ ነው ያልጠራው።

እኔስ? የተወለድኩት ላይ ነው፣ ያገባሁት ታች ነው፣ ሱቄ መሐል ነው።

"ላይ የተወለደች ናት፤ ደም ሥሯም የላይ ነው!" አለ ኤርለንድ መጠጥ ቤት ውስጥ።

"ሀያ አምስት ዓመት የበላችው የታች ዓሣ ነው፤" አለ ሌስሊ። "ሆዷ የኛ ነው።"

እንዲህ ተከፋፍዬ ሳላውቅ ኖሬያለሁ!

ኖቬምበር 12

ዶክተር ፔንሮዝ ዘንድ ሄድኩ። ከደቡብ የመጡ ለስላሳ ሰው ናቸው፤ ሲናገሩ ይቅርታ የሚጠይቁ ይመስላሉ።

"የደም ሥሩ ሐሳብ ያጓጓል፤" አሉኝ። "ነገር ግን ጤነኛ ሰውም አንገቱ ውስጥ ጠባብ ደም ሥር ይገኝበታል። ሲነፋ ሊቀደድ ይችላል፣ ደም ሊረጋ ይችላል። አንቲባዮቲኩም ዓመት ሙሉ ሲወሰድ ለጉበትዎና ለአንጀትዎ ቀላል አይደለም። ሁለቱም በወጉ ተፈትነው ይሠራሉ አልተባሉም።"

"እና ምን ይሠራል?"

"አላውቅም።"

ይህን ቃል ለመማር ስንት ዓመት ዩኒቨርሲቲ እንደተቀመጡ ጠየቅኳቸው። "አሁንም እየተማርኩት ነው፣ ሚሲስ ድሬቨር" አሉ።

ከዚያ ጣታቸውን በቀኝ እጄ አስጨበጡኝ። ከዚያ ደግመው አስጨበጡኝ። ለምን እንደደገሙት አልጠየቅኩም።

ወሬው ከእኔ ቀድሞ ሱቅ ደረሰ። ዶክተሩ በመርከብ የገቡ ስለሆኑ ታች ናቸው። "በወደብ ገብቶ ኪኒን የሚከለክል ሰው አይተሽ ታውቂያለሽ?" አለች ሚና፣ የታች ልጅ፣ በሐዘን ራሷን እየነቀነቀች። "ከሃዲ!"

ኖቬምበር 20

የኔ የሾርባ ቀን። ላዮች የባሮ ሽንኩርት፣ ታቾች የዓሣ። አንዱ የሌላውን ማንኪያ አልነካም። የሰው ብዛት! ያልታመመው ሁሉ ደስ ብሎታል፣ የታመምኩት እኔ ከሁሉም በላይ ደስ ብሎኛል። ደቡብ ያለው፣ አንገት የሚነፋው ክሊኒክ ቀን ሰጥቶናል፦ ጃንዋሪ 10። ኤርለንድ ቀኑን ሲናገር አዳራሹ ጮኸ። ሌስሊ ሾርባውን ሳይቀምስ ወጣ። የሱ ኪኒኖችም በፖስታ ደርሰዋል፤ ከግድግዳው ሰዓት ኋላ ተቀምጠው ይጠብቁኛል።

ጆይስም መጥታ ነበር። ከመኪናዋ አልወረደችም። "ብርድ ነው" አለችኝ በመስኮቱ። እውነትም ብርድ ነበር።

ዲሴምበር 3

ችኮላ። የበዓል ገበያ። ሁለት ጊዜ ወደቅኩ፤ ምንጣፉን አስጠቅልዬ አስወጣሁት፣ ጥፋተኛው እሱ ነው። ከዛሬ ጀምሮ በወፍራም እርሳስ እጽፋለሁ። እስክሪብቶ የሚባለው ነገር የፋብሪካ ተንኮል ነው፣ ያዳልጣል።

ዲሴምበር 13

ጣውላ ተመታ። ኳሷ በምታልፍበት ጎዳና ያለ ሱቅ ሁሉ መስኮቱንና በሩን በወፍራም ጣውላ ያሽጋል፤ አለበለዚያ ሁለት መቶ ወንድ ዳንቴል ሊገዛ ይገባል። እኔም እንደ ልማዴ ጠመኔዬን ይዤ ወጣሁ። በየዓመቱ በጣውላዬ ላይ ለከተማው አዋጅ እጽፋለሁ፤ ከንቲባው ያነበዋል፣ ቄሱ እንዳላነበበ ይሆናል።

የዘንድሮው፦

*አዋጅ! ኳሷ ቅጥሩን ከነካች የሬታ አንገት ለፊኛ ይሰጥ። ኳሷ ባሕሩን ከነካች የሬታ ሆድ ለኪኒን ይሰጥ። ከሁለቱም ከቀረች ሬታ ለራሷ ትሰጥ።*

የዘንድሮ ጠመኔ ጥራት የለውም። ሦስቴ ከእጄ ወደቀ፣ ፊደሎቹም እንደ ሰካራም ሰልፍ ተንጋደዱ።

"ልጻፍልሽ?" አለች ሚና።

"ጠመኔው ነው አልኩሽ!"

ዲሴምበር 14

ጉድ ፈላ። አዋጁን አመኑት!

ጠዋት ኤርለንድና ሌስሊ ጣውላዬ ፊት ቆመው ሲጨባበጡ ደረስኩ። ከሾርባው ቀን ወዲህ ተነጋግረው አያውቁም።

"ፍትሐዊ ነው" አለ ኤርለንድ።

"ፍትሐዊ ነው" አለ ሌስሊ።

"እናንተ፣ አንገቱ እኮ የኔ ነው!" አልኩ።

"ያወጅሽው አንቺ፣ ሬታ" አለኝ ወንድሜ፣ ከልቡ። "ኳሷ ዋሽታ አታውቅም።"

ቀልድ ነው ልል አፌን ከፈትኩ። ዘጋሁት። ለምን እንደዘጋሁት እንጃ። ሌላ ቢወስንልኝ ትከሻዬ እንዴት ያርፍ ነበር።

ዲሴምበር 25

ላዮች! ኳሷ ቅጥሩን የነካችው ገና ሳይመሽ ነው። ኤርለንድ አንድ ዓይኑ አብጦ፣ አንድ ጫማውን ጥሎ መጣና ግንባሬን ሳመኝ። "አንገትሽ የኛ ነው!" ሌስሊ በረዶ በፎጣ ጠቅልሎ ለአማቹ ዓይን ሰጠውና፣ "አዲስ ዓመት ይቀራል" አለ። ከዚያ ወጥቶ ጀልባውን ሊያይ ሄደ። ጀልባው ደኅና ነበር፤ ቀኑን ሙሉ ማንም አልነካውም።

ልቤ እየዘለለች ነው። ወዴት እንደምትዘል ብቻ አልነገረችኝም።

ዲሴምበር 28

ጆይስ ቤት ሄድኩ። በሩን የከፈተልኝ ባሏ ነው። እሷ ከመስኮቱ አጠገብ በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ወንበሩ አዲስ አይደለም፤ እጀታው ላይ ቀለሙ ተልጧል።

"ከመቼ ጀምሮ ነው?" አልኳት።

"ከኖቬምበር።" ሳቀች፤ የድሮ ሳቋን። "እውነት እልሻለሁ ሬታ፣ መጀመሪያ ላይ በጣም ደኅና ነበርኩ። ፊኛው ይሁን ደስታው አላውቅም። ጨፈርኩ እኮ! አየሽኝ አይደል?"

"አየሁሽ።"

"ከዚያ ተመለሰ። ደም ሥሩ እንደገና ጠበበ አሉኝ፣ ድጋሚ ነዪ አሉኝ።"

"ለምን አልተናገርሽም?"

"ለማን ልናገር? ከተማው ሁሉ ሾርባ ጠጥቶልኛል! ዳቦ ጋጋሪው ባየኝ ቁጥር ያለቅሳል። የሰውን ደስታ እንዴት ብዬ ነው የምመልሰው፣ ደረሰኝ አለው?" ከዚያ እጄን ያዘችና፣ "አትሂጂ እያልኩሽ አይደለም። ያንቺ ሊሠራ ይችላል። ለማንም ግን አትንገሪ" አለች።

ይህን ሁሉ እንደሰማሁ ከጻፍኩ በኋላ፣ የያንዳንዱ ሰው አንገት የየራሱ ነው ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ጥሩ ክርክር ነው። ሁለቴ ጻፍኩት፣ ሁለተኛው አይነበብም።

ዲሴምበር 31

የጃንዋሪ 10 ሻንጣዬ በሩ ሥር። ኪኒኖቹ ከሰዓቱ ኋላ። ሌስሊ በመሐላቸው ሲመላለስ ዋለ። "ምን ጠፋብህ?" ስለው "ምንም።"

ጃንዋሪ 1፣ ቅዳሜ

ከየት ልጀምር! እጄ ይንቀጠቀጣል፤ በደስታ ነው፤ ይኼኛው እውነተኛ ነው።

ከምሳ ሰዓት በኋላ ኳሷ ተወረወረች። እኔና ሚና በጣውላ በጨለመው ሱቅ ውስጥ አንድ መብራት አብርተን ተቀምጠናል። ግፊያው ወዲያና ወዲህ ተንገዳግዶ እኛ ግድግዳ ላይ ተለጠፈ። ጣውላው አቃሰተ። በስንጥቁ የሰው እንፋሎት ገባ፤ የላብ፣ የበግ ሱፍና የትናንት ውስኪ ሽታ። ሚና የጓሮውን በር ልታይ ሄደች። እኔ ትከሻዬን ለጣውላው ሰጥቼ ከሁለት መቶው ጋር ገፋሁ፤ የትኛውን ወገን እንደገፋሁ እግዜር ይወቅ።

ጆሮዬ ሥር፣ ከጣውላው ማዶ፣ አንድ ድምፅ ሰማሁ።

"ሌስ።"

"እ።"

"እጄን ማንቀሳቀስ አቃተኝ።"

"የኔም ተይዟል።"

ፊት ለፊት ተጣብቀው ነበር፣ አፍንጫ ለአፍንጫ፣ ባሌና ወንድሜ።

"ጆይስን ትናንት መኪና ውስጥ ሲያስገቧት አየሁ፤" አለ ኤርለንድ። "ተሸክመው።"

"እኔም አይቻለሁ። ከገና በፊት።"

"እና ዝም አልክ?"

"አንተስ?"

ጣውላው አንዴ አቃሰተ።

"ፊኛው ባይሠራስ፣ ሌስ?"

"ኪኒኑም ባይሠራስ?"

"ታዲያ ለምን ትከራከረኛለህ፣ አንተ ድንጋይ!"

"እጄን አጣጥፌ ከማያት ይሻላል።" ሌስሊ ነው ይህን ያለው። በዓመት ሁለቴ የሚናገረው ሰውዬ። "ቡና ስትቀዳልኝ አይተሃታል? ኩባያውን በግራዋ ነው የምትይዘው። የማላይ ይመስላታል።"

"ማን ይንገራት?"

"አንተ ንገራት። እህትህ ናት።"

"ሚስትህ ናት!"

"ግፉ እንጂ እናንተ!" ብሎ አንዱ ከኋላ ጮኸ፣ ድምፃቸውም በጩኸቱ ተዋጠ።

እዚያው እንደተለጠፍኩ ሚና ተመለሰች። ሽርጧ ሥር ሆዷ ገፍቷል።

"ሚና! በዚህ ዕድሜሽ?"

"ዝም በይ አንቺ ልጅ!" ሽርጧን ገለጠችው። ኳሷ! ጥቁርና ቡኒ፣ እርጥብ፣ እንደ ድንጋይ የከበደች። "ከእግራቸው ሥር ሾልካ በጓሮው መተላለፊያ ተንከባልላ እራሷ መጣችልኝ። አንድም ሰው አላየ! በጓሮ አድርጌ ወደብ ላድርሳት፤ ሬታ፣ ታች ያሸንፋል፣ አንቺም በኪኒንሽ ትድኛለሽ!"

"ስጪኝ።"

"ሬታ..."

"ስጪኝ አልኩሽ።"

ጭኔ ላይ አስቀመጠችልኝ። ውጭ ሁለት መቶ ወንድ ይገፋል። ያቃስታል፣ ይሰዳደባል፣ ጎድን ይሰነጥቃል፤ ከመሐላቸው ምንም የለም። ኳሷ እኔ ጋ ናት። ሳቄ መጣ። እንባዬም መጣ፤ ሁለቱ በአንድ በር ሊወጡ ሲጋፉ፣ ሳቁ አሸነፈ።

"ደረጃውን ልወጣ ነው" አልኳት።

"በምንሽ?"

"በመቀመጫዬ።"

በንግሥት ሥርዓት ወጣሁ፤ ጀርባዬን ለላይኛው ደረጃ ሰጥቼ፣ አንድ በአንድ፣ በመቀመጫዬ እየተሳብኩ፣ ሚና ኳሷን እንደ ዘውድ ይዛ ተከትላኝ። ላይኛው ክፍል ስደርስ መስኮቱን ከፈተችልኝ፣ እኔም ጠርዙ ላይ ተደገፍኩ። ከታች ጎዳናው በእንፋሎት ተሸፍኗል። ከማዶ ደረጃ ላይ ዶክተር ፔንሮዝ ቦርሳቸውን ታቅፈው የተሰበረ ጎድን ይጠብቃሉ። ቀድመው ያዩኝ እሳቸው ናቸው፤ ኳሷን አዩ፣ ግፊያውን አዩ፣ አፋቸውን በእጃቸው ያዙ።

"እናንተ!" ብዬ ጮኽኩ። "ምን እየገፋችሁ ነው?"

ዝምታው ከላይ ጀምሮ ወደ ታች ወረደ። ሁሉም ቀና አለ። ኤርለንድና ሌስሊ፣ እንደተጣበቁ፣ ሁለት ቀይ ፊት።

"ውርርዱ ፈርሷል! አንገቴም የኔ፣ ሆዴም የኔ! ጃንዋሪ 10 አልሄድም፣ ኪኒኑንም አልውጥም! እስኪ ተፈትኖ ይሠራል የተባለ ነገር እስካገኝ ከደባሌ ጋር እኔው እጣላለሁ። ሾርባ የጠጣችሁልኝ፣ እግዜር ይስጥልኝ፤ ገንዘቡ ለመከሩ አዳራሽ የተሽከርካሪ ወንበር መወጣጫ ይሠራበት። እዚህ ከተማ ውስጥ ሳትጨፍርም ልትመጣ የምትፈልግ ሴት አለች!"

ዳቦ ጋጋሪው፣ "ኳሷስ?" አለ።

ልወረውር ቀኝ እጄን አነሳሁ። ቀኝ እጄ አልፈቀደም። በግራዬ ወረወርኳት። የዳቦ ጋጋሪውን አናት መታ አድርጋ ግፊያው ውስጥ ሰመጠች፣ ጎዳናውም እንደገና አበደ።

ሲመሽ ባሕር ገባች። ታች አሸነፈ። አንድ ለአንድ።

ባሌና ወንድሜ ማታ ወጥ ቤቴ ገቡ፤ አንዱ የባሕር ውሃ ያንጠባጥባል፣ አንዱ ያነክሳል። ቢራ ቀዳሁላቸው። በግራ እጄ ቀዳሁ፣ ዓይናቸው እያየ።

"ጣውላ ቀጭን ነው፤" አልኳቸው። "ሁሉንም ሰምቻለሁ።"

ኤርለንድ የጠርሙሱን ጽሑፍ ማንበብ ጀመረ። ሌስሊ ተነሥቶ ኪኒኖቹን ከሰዓቱ ኋላ አወጣና ሻንጣዬ ላይ አስቀመጣቸው። "ሰኞ ለዶክተሩ አስረክባለሁ፤" አለ። ከዚያ፣ "ታዲያ እኔ ምን ላድርግ፣ ሬታ?"

"ወደ ጀልባህ አትሽሽ። እዚህ ተቀመጥ።"

ተቀመጠ።

ጃንዋሪ 3

ጣውላ ወረደ። ዶክተር ፔንሮዝ ኪኒኖቹን ተቀብለው በምትኩ ከዘራ አመጡልኝ፤ ከዳንቴሉ ጠረጴዛ ጋር አስደግፈውት ሄዱ። "ይሠራል?" አልኳቸው። "ይኼኛውን አውቃለሁ፤" አሉ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲስቁ አየኋቸው። ሚና አሁንም ከሃዲ ትላቸዋለች፤ ቢራ ግን ትቀዳላቸዋለች።

ኤርለንድ ጣውላውን ጋሪው ላይ ከመጫኑ በፊት የአዋጄን ቅሪት አነበበ፤ ሁለቱ መስመር በትከሻ ተፍቆ ጠፍቷል፣ ሦስተኛው ይነበባል። "ለከርሞስ ምን ይጻፍ?" አለኝ።

"እኔ እናገራለሁ፣ አንተ ትጽፋለህ፣ ሌስሊ ፊደሉ ቀጥ ማለቱን ይቆጣጠራል።"

"ራስሽ አትጽፊም?"

ጠመኔውን ከሽርጤ ኪስ አውጥቼ በቀኝ እጄ ጣውላው ላይ አስደገፍኩት። ወደቀ። ሌስሊ አነሳልኝ። ደግሜ ያዝኩት፤ ደግሞ ወደቀ። ሦስተኛ ጊዜ ሌስሊ በግራ እጄ አስያዘኝና፣ እጁን ሳይወስድ፣ ጣውላው ላይ አንዲት አጭር መስመር አብረን ሳብን።

ነጭ፣ ወፍራም፣ ቀጥ ያለች መስመር። ጠመኔው ምንም ጥፋት አልነበረበትም።